ጭራው የተቆረጠው ጸሐፊ

ትሪየስት፣ ማርች 3 ቀን 1998

ይድረስ ለእታለም ሳቬታ፣ ፖያና ሬቼ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬም የጉልበትሽን፣ የላምሽንና የጣሪያሽን። በረዶው ዘንድሮ እንዳልከበደባችሁ ተስፋ አለኝ። እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ መንጋጋ ጥርስ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ተመስገን።

አሁን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገሽ እዪው። የልጅሽ የኢሊንካ ጽሑፍ አይደለም። የአጎትሽ ልጅ የቶአደር ነው፤ የእኔው። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በአውራ ጣቱ ሲፈርም የኖረ ሰውዬ ዛሬ በብዕር ይጽፍልሻል። መነጽርሽን ጥረጊና ደግመሽ አንብቢ፤ አይጠፋም፣ እዚያው ነው።

እስከ ዛሬ የደረሰሽን ሁሉ እኔ እየተናገርኩ ኢሊንካ ነበረች የምትጽፈው። ግማሹን ደግሞ "ይሄ አይጻፍም አጎቴ" እያለች ትዘለዋለች። ከእንግዲህ የሚዘልብኝ የለም። በማታ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ሆነን ነው ከኖቬምበር ጀምሮ የምንማረው። አስተማሪያችን ሲኞራ ኖርማ የሚሏት ጡረተኛ ናት፤ እንደ ቶአደር ያለ ተማሪ በዕድሜዋ አላየችም። በእርግጥ በአፏ አላለችኝም፤ ግን ፊቷ ላይ አንብቤዋለሁ። ማንበብ ችያለሁ አልኩሽ እኮ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ኮረብታው ላይ ባለው ቤተ ሙከራ ብርጭቆና ሳህን አጣቢ ነኝ። ያስገባችኝ ልጅሽ ናት፤ አሁን ግን ያለ እኔ ሳይንስ የሚባል ነገር እዚህ ከተማ ውስጥ ይቆማል። ፕሮፌሰር ብሬሳን ያን ሁሉ እውቀቱን ይዞ በቆሸሸ ብርጭቆ ምን ሊያደርግ ነው?

የኢሊንካን ሥራ ጠይቄ ተረድቼዋለሁና ልንገርሽ፤ አንቺም ለአባ ጌራሲም ንገሪያቸው። ከሰው የተወሰዱ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሶችን በሳህን ላይ ታረባለች። በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለ፤ ዘረ-መል የሚሉት ሁሉ የተጻፈው እዚያ ነው። መጽሐፉ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ጸሐፊ አለው፤ የሚፈለገውን ገጽ እየገለበጠ ወደ ውጪ የሚልክ፣ ኢንዛይም የሚሉት። ሕዋሷ የምትኖረው በዚያ ቅጂ ነው። ታዲያ ይህ ጸሐፊ ጭራ አለው። አትሳቂ። ረጅም ጭራ፤ እነዚያው ሰባት ፊደሎች ሃምሳ ሁለት ጊዜ የተደጋገሙበት። እኔን እንኳ ሲኞራ ኖርማ ከሃያ ጊዜ በላይ አላስደጋገመችኝም። ጭራው ላይ ረዳቶች ይንጠለጠላሉ፤ አንዱ የቅጂውን ራስ ይሸፍናል፣ አንዱ የማይፈለገውን ቆርጦ ያወጣል፣ አንዱ መጨረሻውን ይቋጫል።

የኢሊንካ ጥያቄ፣ ጭራውን ብንቆርጥበት ጸሐፊው ይጽፋል ወይስ አይጽፍም ነው። አዋቂ ነን የሚሉት ሁሉ አይጽፍም ይላሉ። የእኛ ልጅ ሃምሳ ሁለቱን ወደ አምስት ብትቆርጠው ምን ሆነ መሰለሽ? እንደ ጤነኛው ይጽፋል። ፕሮፌሰሩ ሦስት ጊዜ አስደገማት፤ ሦስቴም ያው። በሜይ ከየአገሩ በሚመጡ ሊቃውንት ፊት ታቀርበዋለች። ዶክትሬቷም በዚሁ ነው የሚያልቀው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በኢሊንካ እጅ ላስጽፈው ስለማልችል ነው እስካሁን ያቆየሁት። አምና የብርዱ ክረምት ሳይገባ ቀዝቃዛውን ክፍል ሳጸዳ፣ በልጅሽ መደርደሪያ ላይ ትንሽ ብልቃጥ አገኘሁ። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን ላዩ ላይ ሥዕል ነበረበት። ነጭ ባርኔጣ፣ አንገቱ ላይ ቀለበት፣ እግሩ ሥር ከረጢት። ነጩ እንጉዳይ። እህቴን ዛምፊራን የበላው። በሌላው ክፍል ያለውን ልጅ "ይሄ ምንድነው?" ብለው "የእንጉዳይ መርዝ ነው፣ እንዳትነካው" አለኝ።

እንግዲህ በእኛ አገር ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። የብልቃጡን ባለቤት፣ ልጅሽን፣ አልጠየቅኩም፤ አላሳፈርኳትም። ግቢው ጥግ ቆፍሬ ከአመድና ከጨው ጋር ቀበርኩት። ብልቃጡም ባዶውን እንዳይቆም አጥቤ ንጹህ ውሃ ሞላሁበትና ቦታው መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ልጅሽ ውሃ ነው የምትነካው። እስከ ዛሬ አላወቀችም። አትንገሪያት፤ ለአንቺ ግን እናት ነሽና ልብሽ ይረፍ ብዬ ነው።

የሁልጊዜው ወንድምሽ፣ ጸሐፊው ቶአደር


ፖያና ሬቼ፣ ማርች 24 ቀን 1998

ለወንድሜ ለቶአደር። የእመቤታችን ጥላ ከራስህ አይራቅ፤ በሰው አገር የምትረግጠው ይለስልስልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያውም ደህና ነው፤ ላሟ ግን አንተን መስላለች፣ ትበላለች እንጂ ወተት የላትም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለፊደሉ። ፊደልህ ከሠርግ የሚመለስ ሰካራም ይመስላል፣ ግን ቤቱ ይገባል። ለአባ ጌራሲም የጭራውን ነገር ብነግራቸው "ጭራ ያለው ጸሐፊ አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም ኃጢአታችንን የሚመዘግበው ነው" አሉኝ።

ስለ ብልቃጡ እጅህ ይባረክ። ደብዳቤውን ሳነብ እዚያ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ዛምፊራ በበላች በማግስቱ ስታስመልስ ውላ፣ በሁለተኛው ቀን ተሽሏት ተነሳች። ፀጉሯን ስታበጥር አጠገቧ ነበርኩ፤ ሳቀችልኝም። ዳነች ብለን ሻማ አበራን። በአምስተኛው ቀን ቀበርናት። ልጄ በዚያው ነገር ላይ ጎንበስ ብላ ስትውል አንተን ያስቀመጠልኝ አምላክ ይመስገን። የአባቶቻችንን ሥርዓት በሰው አገር ሳትረሳ ፈጸምክ። ለእሷም አልነግራትም።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ነጩን ካፖርት ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ካለ ላክልኝ። የማይረቡ ብዙ ሰዎች እዚህ "የሳቬታ ልጅ ጣልያን አገር ሽንት ቤት ታጥባለች" ይላሉ። ግድግዳዬ ላይ ልስቀለው።

እህትህ ሳቬታ


ትሪየስት፣ ሜይ 19 ቀን 1998

ለእታለም ሳቬታ፤ የፋሲካው ብርሃን ከቤትሽ ሳይወጣ ይክረም።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ነጭ ካፖርት የለበሰችው ልጅሽ ናት። ከጎኗ ያለው፣ ጃኬቱ ጠቦት ትንፋሹን የያዘው መልከ መልካም ሰው ማን እንደሆነ አይጠፋሽም። ጃኬቱ የጥበቃው ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በስተኋላ ቆሜ ሰማሁ። ኢሊንካ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራች በእንግሊዝኛ ስትናገር እኔ ቁጥሩን ብቻ ለየሁ፤ ሃምሳ ሁለት፣ አምስት። ስትጨርስ ተጨበጨበ። እኔ ደግሞ ሁሉም ካቆመ በኋላ ትንሽ ጨመርኩበት። ፕሮፌሰሩ ትከሻዋን ይዞ "ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን ስም ይጠራሉ" አላት።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ተነስተው አስቸገሩ። ከሰሜን አገር ናቸው አሉ። ከስብሰባው በኋላ እራት ላይ ምን እንዳሏት ጠየቅኳት። "መርዝ ብቻ የተጨመረበት፣ መርዙ መግደሉን የሚያሳይ ሳህን የት አለ ነው ያሉኝ" አለችኝ። መርዙ ውድ ስለሆነ ያንን ሳህን መጀመሪያ ላይ ብቻ ሠርታ ኋላ ትታዋለች። "መተዌ ሞኝነት ነው፣ ግን ለውጥ አያመጣም" አለች።

መርዝ የምትለዋን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ምን ያደርግልሻል ልላት አሰብኩና ዓሣው መጣ፤ በላን። ትሪየስቶች ዓሣ መሥራት ይችላሉ፤ በቆሎ ገንፎ ግን የኛን አያህልም።

ቶአደር


ፖያና ሬቼ፣ ጁን 28 ቀን 1998

ለወንድሜ ለቶአደር፤ በያለህበት ሰላም አይለይህ።

ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። ጎረቤት ሁሉ አየው። ስለ ሽንት ቤት ያወሩት ሳይቀሩ ወንበር ስበው አዩት።

ከኢሊንካ ግን አምስት ሳምንት ሆነ፣ አንድ መስመር የለም። ወትሮ በየእሑዱ ነበር የምትጽፍልኝ። የመጨረሻው ደብዳቤዋ ግማሽ ገጽ ነው፤ "እየሠራሁ ነው እማ" ብቻ ይላል። አንተም ጸጥ ብለሃል። አንተ ዝም ያልከው ታመህ ነው ወይስ የምትፎክርበት አጥተህ?

ፎቶ አልፈልግም አሁን። አንድ ወረቀት ላይ "ደህና ናት" ብለህ ጻፍልኝ።

ሳቬታ


ትሪየስት፣ ኦገስት 9 ቀን 1998

ለእታለም ሳቬታ፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

በመዘግየቴ ተቆጪኝ። ብዕር ብዙ ጊዜ አንስቻለሁ። ደህና ናት፤ በእግሯ ትሄዳለች፣ ትበላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሜይ ስብሰባ በኋላ በሦስት አገር ያሉ ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ሙከራ ሠሩ። የአንዳቸውም እንደ እሷ አልወጣም። ጭራው ሲቆረጥ ጸሐፊያቸው ዝም ይላል፤ ሕዋሶቹ ይሞታሉ። ለፕሮፌሰሩ ጻፉለት። ፕሮፌሰሩ ኢሊንካን ጠርቶ "ቁጥሮቹን ከየት አመጣሻቸው?" አላት። ከየት አመጣሻቸው። ሰው ለሌባ እንደሚለው። ሴፕቴምበር 10 በአምስት ሰዎች ፊት ትቀርባለች። ውሸት ነው ካሉ ዶክትሬቱ የለም፤ ስሟም በየአገሩ ይነገራል።

ወጥ ቤት ቁጭ ብለን አንድ ቀን አስረዳችኝ። እያንዳንዷ ሕዋስ ጭራው ሙሉ የሆነ የራሷ ጸሐፊ አላት። ኢሊንካ ሁለተኛ ጸሐፊ ሠርታ ታስገባባታለች፤ ጭራው የተቆረጠ፣ መርዝ የማይነካው። ከዚያ የእንጉዳዩን መርዝ ትጨምራለች። መርዙ የሕዋሷን ጸሐፊ ይገድለዋል፤ የእሷው ብቻ ይቀራል። የሚጽፍ ከሆነ እንግዲህ ጭራ የሌለው ነው የጻፈው ማለት ነው። "የመጀመሪያው ካልሞተ ግን" አለችኝ "ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ለአካል ጉዳተኛው አጨበጭባለሁ።"

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "አጎቴ፣ ብልቃጤን ነክተኸው ታውቃለህ? ሥዕሉን የሣልኩት እንዳትነካው ብዬ ነበር፣ ማንበብ ስለማትችል" አለችኝ።

"እኔ የማውቀው ሳሙና ነው" አልኳት።

ሳቀች። ካየሁት የመጨረሻው ሳቋ ነው። ብልቃጡ በሜይ አልቆ ተጥሏል፤ የሚመረመር ነገር የለም። ፕሮፌሰሩም አጣቢዎችን ሁሉ ጠይቆን ነበር። ያንኑ መለስኩለት።

እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው።

ቶአደር


ፖያና ሬቼ፣ ኦገስት 21 ቀን 1998

ቶአደር፤ አምላክ ልብ ይስጥህ። ለእኔም ይስጠኝ።

ደብዳቤህ ሲደርስ አባ ጌራሲም ቤቴ ነበሩ። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬ መሃል ላይ አቆምኩ። "ምን ይላል?" አሉኝ። "ሙቀት ነው ይላል" አልኳቸው። አየህ፤ እኔም እንዳንተው።

የሷን ትምህርት ተምሬ አላውቅም፣ ግን ወጥ ቤት የነገረችህን ሦስቴ አነበብኩት። መርዙ መግደል ነበረበት። አልገደለም፤ ውሃ ነበርና። ልጄ አልዋሸችም። ውሃ ነው የዋሸባት። ያንን ውሃ የቀዳህ አንተ ነህ፤ እጅህ ይባረክ ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ።

ዛምፊራ የሞተችበት ነገር ስለሆነ ያደረግኸውን አልፈርድብህም። ማንም የኛ መንደር ሰው ያደርገዋል፤ እኔም አደርገው ነበር። የምፈርድብህ በሳሙናው ነው። ዓይኗን እያየህ።

ከሴፕቴምበሩ ቀን በፊት ሂድና ተናገር። ለሷ ቀድመህ፣ ከዚያ ለፕሮፌሰሩ። ሥራህን ያሳጣሃል፤ ያሳጣህ። ከዚህ በቀር የምጠይቅህ የለኝም።

ሳቬታ


ትሪየስት፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1998

እታለም ሳቬታ፤ ሰላምታ ለመጻፍ አፍሬያለሁ።

ደብዳቤሽ ከሴፕቴምበር 10 በፊት ደርሶኛል። በፖስታ አላሳብብም። ነገ እያልኩ ቀኑ ደረሰ። አምስቱ ሰዎች በር ዘግተው ሁለት ሰዓት አቆዩአት። እኔ ኮሪደር ላይ ጋሪ እየገፋሁ አለፍኩ፤ ተመለስኩ፤ አለፍኩ። ስትወጣ "አልቋል አጎቴ" አለችኝ። በ18 ሻንጣዋን ተሸክሜ ባቡር ጣቢያ አደረስኳት። ግማሽ ሰዓት ቀድመን ነበር የደረስነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ባቡሩ መቀመጫ አወራኋት።

ከሄደች በኋላ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ በጣልያንኛ፣ ሲኞራ ኖርማ ሳታርመኝ። ለፕሮፌሰር ብሬሳን ወስጄ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው።

"ማን አስጻፈህ?" አለኝ።

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

መሳቢያ ከፍቶ የተቀጠርኩበትን ወረቀት አወጣ፤ የጣቴ አሻራ አለበት። "አንተ አትጽፍም፤ እዚህ የፈረምከው በጣትህ ነው።"

ብዕሩን ተቀብዬ እፊቱ ስሜን፣ የአባቴን ስምና የመንደራችንን ስም ጻፍኩለት። አየና "እሺ፣ ትጽፋለህ" አለ። "ያስገባችህስ ማን ናት?"

"ኢሊንካ።"

"ምኗ ነህ?"

"አጎቷ።"

"በጁን አንድ በአንድ ስጠይቃችሁ ስለ ሳሙና ነበር የነገርከኝ። ዛሬ እሷ ከተባረረች በኋላ ብልቃጡ ትዝ አለህ። ቶአደር፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ለዘመድህ ብለህ ነው። እኔም አጎት ቢኖረኝ እንዳንተ ያለ በወደድኩ።" ወረቀቴን አጥፎ መለሰልኝ። ሥራዬን እንኳ አላሳጣኝም። የታመንኩ ዋሾ መሆኔን አመስግኖ ወደ እቃ ማጠቢያው መለሰኝ።

በጁን ብናገር ብልቃጡ የተጣለበትን የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይከፍቱ ነበር። በኦገስት ብናገር ያስደግሟት ነበር። አሁን ሕዋሶቿም ከማቀዝቀዣው ወጥተው ተጥለዋል። ሳህኖቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ለሷ አልጻፍኩም። አንቺ ንገሪያት።

ቶአደር


ፖያና ሬቼ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1998

ቶአደር፣

ልጄ ቤት ናት። እንጨት መሰንጠቂያው ቢሮ ሥራ ተሰጥቷታል፤ የሚገባና የሚወጣ ግንድ ትቆጥራለች። አንድ ክምር ቆጥራ ጨርሳ፣ ተመልሳ ደግማ ትቆጥረዋለች። ምግብ ስትሠራ "ጨው አድርጌያለሁ ወይ?" ብላ ሦስቴ ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት "እማ፣ ማንም አላጭበረበረም ነበር የምለው። አሁን እኔ እንጃ። በጣም ስለፈለግኩት ይሆናል ያየሁት። እጄ ሳላውቀው ዋሽቶ ይሆናል" አለችኝ።

የፈረዱባትን አምናላቸዋለች። ይሄ ነው ቤቴ የገባው።

ደግሞ የራሴን ልንገርህ፤ ሁልጊዜ በአንተ ላይ ብቻ እንዳልቆም። የማርቹ ደብዳቤህ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ፖስታው ላይ ቀኑ ተመትቶበታል፤ ማንም ሳይከሳት በፊት። በኦገስት ለፕሮፌሰሩ ብልከው ኖሮ ማን አስጻፈህ የሚልህ አልነበረም። አልላክሁትም። አንተ ተናገር ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ እናቷ "እጅህ ይባረክ" ማለቷን እንድታውቅብኝ አልፈለግኩም።

ትናንት ሰጠኋት። በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ማርች፣ ኦገስት፣ ኦክቶበር፤ ሁሉንም። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ወረቀቶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው።

"ክረምቱ ሳይገባ ነው የሚለው። የትኛው ቀን?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

ቀኑን ጻፍ። ሰላምታም ምርቃትም ይቅርታም አትጨምርበት። አላነብላትም።

ሳቬታ


ትሪየስት፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1998

1997፣ ኦክቶበር 26፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ።

ቶአደር


ፖያና ሬቼ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1998

ቶአደር፣

ከትሪየስት ያመጣቻቸው አራት ደብተሮች አልጋዋ ሥር ነበሩ። አንድም ቀን ገልጣቸው አታውቅም። ደብዳቤህ በመጣ ዕለት ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ የመጀመሪያውን አወጣች። እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነበር።

ከዚያ እሑድ በፊት የሠራቻቸው አራት ሳህኖች አሉ። ጭራው የተቆረጠው ጸሐፊ በአራቱም ዝም ብሏል። ሕዋሶቹ ሞተዋል። ሌሎቹ በሦስት አገር ያገኙት ያንኑ ነው። ገጹ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች በቀይ ቀለም ተሰርዞ፣ ዳሩ ላይ በራሷ ጽሑፍ "የእጅ ስህተት፤ መርዙ በዝቷል" የሚል አለ። ከዚያ በኋላ ያንተ ውሃ መጣ፤ ውሃው የሚያምር ነገር ሲያሳያት የፊተኛውን ጣለችው።

ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አደረገች። "መጀመሪያውኑ ትክክል ነበርኩ" አለች። የደስታ አነጋገር አልነበረም።

የገጹን ቅጂና የማርቹን ደብዳቤ ከነፖስታው ለፕሮፌሰሩ ላከች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን መልስ መጣ። ማጭበርበር እንዳልነበረ በመዝገብ ይሰፍራል ይላል። ቦታዋ ግን ተይዟል፤ ሥራውን ሌላ ልጅ በአዲስ ብልቃጥ ጀምሮታል። መልካም ዕድል ይመኝላታል።

ደብዳቤውን አንብባ ከምድጃው ጎን አኖረችው። አሁን ጨው አድርጌያለሁ ወይ ብላ አትጠይቀኝም። ሌላም ብዙ አትጠይቀኝም። ለመንደሩ ምን ልበል ብላት "ምንም" አለችኝ። ፎቶውን ከግድግዳው ያወረደችው እሷ ናት፤ ያንተን ጎን አልቆረጠችውም፣ እንዳለ አስቀምጣዋለች።

ለገና እመጣለሁ ካልክ በሩን የሚዘጋብህ የለም፤ ወጥ ይቀርብልሃል። ግን ቀልድህን እዚያው ተወው። እሷ ካንተ ጋር ገበታ ትቀርባለች፤ ምን እንደምታወራህ እኔ አላውቅም።

ለቶአደር ምን ልጻፍለት ብላት "የላከው ቀን ደርሶናል ብለሽ ጻፊለት" አለች።

ቀኑ ደርሶናል። እኔም ከእንግዲህ ካንተ የምጠይቀው የለኝም።

ሳቬታ